የሻምሳን ምንጭ

የጦስኝ ሽታ አልችልም። ሌላው ሰው ሲሸተው ሻይ ያምረዋል፤ እኔን ግድግዳ ያስይዘኛል። ባለፈው ሳምንት እዚህ የመን፣ በዓደን ኢንማ ከተማ ወደምንኖርበት ቤት አንዲት አዲስ ተከራይ ገባች። ጦይባ ትባላለች። ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ጥላ የመጣች የወሎ ሴት ናት፤ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ደረሳት። ሻንጣዋን ከፍታ ልብሷን ስታወጣ በላስቲክ የተቋጠረ ደረቅ ጦስኝ ወደቀ፤ ቋጠሮው ላልቶ ኖሮ ሽታው ክፍሉን ሞላው። «አገርሽ የት ነው?» አልኳት፣ ልቤ እያወቀው። «ከጊምባ ከፍ ብሎ ነው፣ እማማ። ብርዱ አይጣል ነው!» አለችኝ። አይጣል ነው ስትል ግን ፊቷ በራ። እኔ ያን ፊት አውቀዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ ሴት ላይ አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ልናሰጣ ጣሪያ ላይ ወጣን። ከዚህ ጣሪያ አየሩ ሲጠራ ሻምሳን ይታያል፤ ዓደንን ከባሕሩ ዳር ተጭኖ የተቀመጠ ጥቁር ተራራ ነው። ጦይባ እርጥብ አንሶላ በእጇ እንደያዘች ፈዛ ቀረች። «እማማ፣ እዚያ ላይ መቼም ብርድ አይጠፋም» አለች። «አንሶላውን አስጪው፣ ይሸታል» አልኳት። «አንድ ጁምዓ ብወጣ ምን ይለኛል?» አለች ደግሞ። ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ወረድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ጉልበቴም አሞኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ተራራ ካልጻፍኩ እንቅልፍ የለኝም። እኔ ከድጃ ፊደል የቆጠርኩት ወረኢሉ ላይ በመሠረተ ትምህርት ነው። ዓደን ከመጣሁ ወዲህ የጻፍኩት ቢኖር የገበያ ዝርዝርና አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ባልጻፍኩት ይሻል ነበር፤ እሱን ወደኋላ እናገራለሁ።

ያኔ በሰው ቤት የምሠራው መዓላ በሚባለው የዓደን ሰፈር ነበር። ሁለቱ የመኖች አንድ ከሆኑ በኋላ ነው፤ ጦርነቱም መጥቶ አልፏል። ዓመቱን ከጠየቃችሁኝ አላውቀውም፤ የሩቲውን ዋጋ ግን አውቀዋለሁ። ሩቲ የምንለው ረጅሙ ዳቦ በአሥር ሪያል ሁለት ይሰጥ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን አሁንም በሽልንግ ነበር የሚጠሩት። የመዓላ ጎዳና እንግሊዞች ሠርተውት የሄዱት ነው፤ ግራና ቀኝ ፎቅ፣ ፎቅ፣ ፎቅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፤ አዲስ ሰራተኛ ገበያ ወጥታ ስትመለስ የሰው ቤት ታንኳኳለች። ከሰዓት በኋላ ከላሕጅ የመጣ ነጭ አበባ በክር እየሰኩ የሚሸጡ ሰዎች በየጥጉ ይቀመጣሉ። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ድርዕ የሚሉትን ስስ ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ደጅ ሲወጡ ጥቁር ባልጦ ይደርቡበታል። እኛም ባልጦ ስንለብስ አበሻነታችን የሚታወቀው በአረማመዳችን ነው ይሉ ነበር፤ አቀበት የለመደ እግር ሜዳ ላይም ጉልበቱን ያነሳል። ከታች ካለው የካሴት ሱቅ አንድ የዓደን ዘፋኝ ከጠዋት እስከ ማታ ያንጎራጉራል። ቃሉ አይገባኝም ነበር፣ ሆኖም በቃሌ ይዤው ነበር። ዛሬ ያ ሱቅ የለም። ፎቁም በኋላኛው ጦርነት ግማሹ ፈርሷል አሉኝ፤ ሄጄ አላየሁትም፣ አላይምም።

እመቤቴ ሐጃ የሚሏት ባሏ የሞተባት አሮጊት ነበረች። ክፉ አልነበረችም፤ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ትለቀኛለች። ያን ፊት ያየሁባት ሉባባ የምትሠራው ቀጥሎ ባለው ፎቅ ነበር። ጣሪያዎቻችን የተያያዙ ናቸው፤ በመሃላቸውም በመንገዱም በኩል ያለው ግንብ ከጉልበት አያልፍም። ያገናኘን ልብስ ማስጣት ነው። ከሰዓት በኋላ ዐሱር ሲሰገድ እሷ በዚያ፣ እኔ በዚህ እንወጣለን። የእሷ ቤት ዘጠኝ ሰው ስለነበር ልብሱ አያልቅም፤ እኔ የሐጃን ሦስት ቀሚስ አስጥቼ እሷን አግዛታለሁ። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሠላሳዎቹን ጀምሬ ነበር። «እትዬ ከድጃ» ትለኛለች። ጊምባ ነበር አገሯ። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ኋላ ግን የምትሸፍነው ሳቅም ጠፋ።

ሙቀቱ ሌላውን ያልበዋል፣ እሷን ግን ይበላት ነበር። የምትተኛው ወጥ ቤቱ አጠገብ መስኮት በሌላት ክፍል ነው። ምግብ እንቢ አላት። ባልጦዋ ላይዋ ላይ ሰፋ። ወሬዋ ሁሉ ብርድ ሆነ፦ ጠዋት ውርጩ ከእግር ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ ላሞቹ ሲተነፍሱ ጢሱ ሲወጣ፣ ከበረት መልስ እጅ ሲደነዝዝ። «አንድ ቀን ብቻ ብርድ ቢነካኝ ዳግመኛ እበላ ነበር» ትላለች። እኔ እቆጣት ነበር። እኔ አፌ ክፉ ነው፤ ማጽናናት ስፈልግ እንኳ ስድብ ይመስላል። «አገርሽ እያለሽ ብርዱን ስታማርሪ ነበር፣ አሁን ደግሞ ናፈቀሽ? ይልቅ ብዪ!» እላታለሁ። ወደ ሰሜኑ ደጋ፣ ወደ ኢብ ወይም ወደ ሰንዓ ብትሄድ ብርድ ሞልቷል፤ ግን ፓስፖርቷ በማዳሟ ቁም ሣጥን ነው፣ መንገዱ ላይ ደግሞ በየኬላው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ይጠየቃል።

አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ስወጣ ልብሱ በቅርጫት እንዳለ ነው። ሉባባ በመንገዱ በኩል ባለው ግንብ ላይ ተቀምጣለች፤ እግሮቿ ወደ ውጭ፣ ወደ ጎዳናው ተንጠልጥለዋል። አምስት ፎቅ ነው። ከኋላዋ ቆምኩ፤ ለመንካት ፈራሁ። «ሉባባ» አልኳት። ሳትዞር «እትዬ ከድጃ፣ እዚህ ትንሽ ነፋስ አለ» አለች። «ታች ስመለከተው ቀዝቃዛ ይመስለኛል።» ያን ጊዜ ፊት ለፊታችን ሻምሳን ቆሟል። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ አፌ ብቻ ተናገረ። «ብርድ የምትፈልጊ ከሆነ ከላይ ነው፣ ታች ምን አለ? ሻምሳንን እንወጣዋለን፣ አንቺና እኔ። እግርሽን መልሺና ልንገርሽ።» ተራራውን አየች። ከዚያ «በአላህ?» አለች። «ወላሂ!» አልኳት። አንድ እግሯን መለሰች፣ ከዚያ ሌላውን። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔ ቃል ከአፋፍ መለሳት ብዬ ያን ቀን ኮራሁ።

ከዚያ ወዲያ ተራራው ሥራዬ ሆነ። ልብሱን እያሰጣን እናቅዳለን። «ዛሬ የቱን እንወስን?» ትለኛለች ገና ቅርጫቷን ሳታስቀምጥ። እኔም አንድ ነገር ገባኝ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ከወሰንን ነገ ምን እንላለን? ስለዚህ በቀን አንዲት ነገር ብቻ እንወስናለን። አንድ ቀን ጫማ፣ አንድ ቀን በየት በኩል እንደምንወጣ፣ አንድ ቀን በባልጦው ሥር የትኛውን ቀሚስ እንደምትለብስ። በቀሚሱ ሦስት ቀን ተከራከርን። የአገሯን አረንጓዴ ቀሚስ አለች፤ እኔ እሾህ ይቀደዋል አልኩ፤ እሷ ይቀደድ አለች። ስንቃችን ምን እንደሚሆን ስንወስን ግን አልተከራከርንም፤ በሶ ነው። ገብስ ፈልጌ ገዝቼ በሐጃ ብረት ድስት ቆላሁት፣ ሐጃ ቤቴን አቃጠልሽው እያለች ስትጮህብኝ። «ከላይ በምንጭ ውሃ በጥብጠን እንበላዋለን» አልኳት። «ጥርስ በሚቆርጥ ውሃ!» አለች ሉባባ፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያን ማታ ራት በላች። ማዳሟ በማግስቱ ደረጃ ላይ አግኝታኝ «ለልጅቷ ምን አደረግሽላት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጫማችንን የገዛሁት ወደቡ አጠገብ ባለው ሰፈር፣ ተዋሂ፣ ከጋሽ በቀለ ሱቅ ነው። ጋሽ በቀለ ክርስቲያን አበሻ ነበሩ፤ አባታቸው በእንግሊዝ ዘመን መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሆነው መጥተው እዚያው ቀርተዋል። እሳቸው ተወልደው ያደጉት ተዋሂ ነው፤ ተዋሂ ግን አይሏትም፣ በእንግሊዞቹ ስም ስቲመር ፖይንት ነው የሚሏት። ነጭ ሸራ ጫማ አወጡልኝና ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ሻምሳን?» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «እንግዲያው ውሃ ያዙ። ለአንድ ሰው አንድ ጋሎን።»

«ጋሎን ተሸክሞ ተራራ ይወጣል? እዚያው ምንጭ እያለ!»

«ምን ምንጭ አለና ነው? ሮክ ነው፣ ሰዎች! ከላይ እስከ ታች ዐለት!»

«ጋሽ በቀለ፣ እርስዎ የባሕር ልጅ ነዎት» አልኳቸው። «ስለ ዓሣ ሲሆን እኛ እርስዎን እንጠይቃለን። ስለ ተራራ እኛን ይጠይቁን።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እሳቸውም ሳቁና ጫማውን በጋዜጣ እየጠቀለሉ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቅ ዛሬ ድረስ በጆሮዬ እሰማዋለሁ።

ሞኝ ሆኜ አልነበረም። ላረጋግጥ ብዬ ሄጄ አይቻለሁ። አንድ ጁምዓ ብቻዬን ዳባብ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ዓቀባ የሚሉትን የተራራ መተላለፊያ አልፌ ክሬተር የሚባለው ሰፈር ገባሁ። ከተራራው ሥር የጥንት ሰዎች ከዐለት የፈለፈሏቸው ትልልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉ፤ አንዱ ብቻውን ቤት ያህላል። ያን ቀን ባዶ ነበሩ። ዘበኛውን ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠየቅሁት። «ሚን ፎቅ» አለኝ፣ ከላይ፣ እጁን ወደ ሻምሳን ቀስሮ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ሰውዬው የሚለኝ በብዙ ዓመት አንዴ ስለሚወርድ ጎርፍ ነበር። እኔ የሰማሁት ስለ ምንጭ ነው። በእኛ አገር ጠምቶት ወደ ተራራ የወጣ እንጂ ጠምቶት ከተራራ የወረደ ሰው አላየሁም። ከፍ ስትል ይበርዳል፣ ከፍ ስትል ውሃው ይጠራል፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ በእግሬ ነው የማውቀው። ዓደን ስድስት ዓመት ስኖር ያየሁት ወጥ ቤት፣ ደረጃና ጣሪያ ነው። ተመልሼ ለሉባባ ነገርኳት። «ዘበኛው ራሱ ከላይ ነው የሚመጣው አለ» አልኳት። «አላህ ይስጥሽ» አለችኝ፣ ውሃውን የሠራሁት እኔ ይመስል።

ወሬውን ስንጀምር የዓደን ደህናው ወራት ነበር፤ ማታ ማታ ከባሕሩ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይመጣል። ያኔ ብንወጣ ኖሮ ምናልባት ይህን አልጽፍም ነበር። ማዳሟ ግን አትለቃትም፤ ዛሬ እንግዳ፣ ነገ አማቷ ታማ፣ ተነገ ወዲያ የልጆች ፈተና። ወራቱ አለፈ፤ የጣሪያው ሲሚንቶ በባዶ እግር የማይረገጥበት ጊዜ መጣ። እኔ በልቤ እንኳንም ዘገየ እል ነበር፤ እያቀደች ትበላለች፣ እያቀደች ትስቃለች፤ ዘላለም ብናቅድ ግድ አልነበረኝም። ከዚያ አንድ ቀን ሉባባ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። ከዒድ በኋላ ማዳሟ ወዳገባችው ልጇ ቤት፣ ከከተማው ራቅ ወዳለው ሰላሕ አድ-ዲን ልትልካት ነው። እዚያ ጣሪያው ለብቻው ነው፤ እኔም የለሁም። የዒድ ሁለተኛ ቀን ግን ቤተሰቡ በሙሉ ላሕጅ ወዳለው መንደሩ ይሄዳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፍ ለእሷ ይተዉላታል። «ወይ ያን ቀን ነው ወይ የለም» አለችኝ። ስትናገር የምታየው እኔን አልነበረም፣ ያን የመንገዱን ግንብ ነበር። ጋሽ በቀለ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ ብለውኝ ነበር። እስኪቀዘቅዝ ሉባባን ማን ይጠብቃታል?

የዒድ ሁለተኛ ቀን ሱብሒን ሰግደን ወጣን። ሉባባ በባልጦዋ ሥር አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሳለች፤ ነጩ ጫማዋ ያበራል። በሶው በከረጢት፣ ሁለት ኩባያ፣ ጉሮሮ ማርጠቢያ የሚሆኑ ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች። እሷ ግን አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ ከማዳሟ ፍሪጅ በረዶ አድርጋ ይዛ ነበር፣ በፎጣ ጠቅልላ። ደረጃው ላይ አየኋት። «ይህን ጉድ ምን ልትሠሪበት ነው? ወደ ወንዝ ውሃ ተሸክሞ የሚሄድ አለ?» አልኳት። «ለመንገድ ብዬ ነው» አለች። «ተይው፣ ይከብድሻል» አልኳት። እሷ እኮ ቃሌን ታከብራለች። ፎጣውን አስተካክላ ታችኛው ደረጃ ላይ አስቀመጠችውና ተከተለችኝ።

የመጀመሪያዋ ሰዓት ጀነት ነበረች። ከውሃ ጉድጓዶቹ በስተጀርባ ያለው መንገድ ገና ጥላ ነው። ሰው የለም፣ መኪና አይሰማም፣ ማዳም የለችም። ሉባባ ድንጋዩን እንደ ፍየል ትዘለዋለች፤ ባልጦዋን ወገቧ ላይ አሠረችው፤ የአገሯን እንጉርጉሮ አነሳች። ዞር ብላ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ አላደረገችም፤ ጥርሷን ያን ቀን ነው በደንብ ያየሁት። ከዚያ ፀሐይዋ ጫፉን አልፋ መጣችብን። ያ ድንጋይ ጥቁር ነው፤ ሙቀቱን ጠጥቶ መልሶ ከታች ይተፋዋል። ጠርሙሶቻችን ወዲያው አለቁ። «ምንጩ የት ጋ ነው?» «ከዚያ ትከሻ ማዶ።» ትከሻው ላይ ስንደርስ ሌላ ትከሻ አለ። «ከዚያ ማዶ ነው።» ሣር የለም፣ ወፍ የለም፣ የከብት እበት የለም። የከብት እበት የሌለበት ተራራ ምን ዓይነት ተራራ ነው? ያኔ መመለስ ነበረብን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኛን እያሳሳቀ የወሰደን የሌለ ውሃ ነው።

ሁለተኛው ትከሻ ላይ የድሮ ግንብ ፍራሽ አለ። እዚያ ስንደርስ ነፋሱ መጣ። ለወራት ያቀድነው ነፋስ ነው። ሉባባ ሻሿን ፈታች፣ እጆቿን ዘረጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ፊቷን አያለሁ። ጥቂት ቆየችና እጆቿን ቀስ ብላ አወረደቻቸው። «እትዬ ከድጃ» አለች፤ «ነፋሱ ሙቅ ነው።»

ከዚያ በላይ መሄድ አልቻለችም። ግንቡ ሥር ባለችው ቅንጣት ጥላ አስቀመጥኳት። ቆዳዋ ደርቋል፣ ላቧ ቆሟል፤ በሶውን ቆንጥራ ወደ አፏ አደረገችና መዋጥ አቅቷት ተፋችው። «ውሃ የለም፣ አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የለም፣ ወርጄ ላምጣልሽ ማለት ነበረብኝ። ግን ዓይኗን ሳየው ያን የመንገድ ግንብ አየሁ፤ ሁሉም ነገር ውሸት ነበር ካልኳት እዚያው የምትሞትብኝ መሰለኝ። «አለ እንጂ!» አልኳት። ከአንድ ገደል ሥር ግራጫ ቁጥቋጦ ይታየኛል፤ ወደ እሱ ጠቆምኩ። «ከዚያ ቁጥቋጦ ሥር ነው። ቀድቼ መጣሁ፤ ከዚህ እንዳትነሺ።» ፈገግ አለች፣ ወይም ፈገግ ያለች መሰለኝ። እኔ በቁጥቋጦው በኩል ጥቂት ሄድኩና ድንጋይ ሲጋርደኝ ዞሬ ቁልቁል ወደ ከተማው ሮጥኩ።

ስንቴ እንደወደቅሁ አላውቅም። የመጀመሪያው ቤት ስደርስ አንድ ሰውዬ ከወንድሙ ጋር የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው በር ላይ ተቀምጠዋል። ሙሉ ጄሪካን ይዘው ተነሱ፤ አንድ ቃል አልጠየቁኝም፣ አላህ ይስጣቸው። ግንቡ ዘንድ ስንደርስ ሉባባ የለችም። ሻሿ ብቻ አለ። እኔ አልፈለግሁም፤ የት እንደሄደች አውቃለሁ። እኔ ወደጠቆምኩት ሄዳለች። ከቁጥቋጦው ሥር በግንባሯ ተደፍታ አገኘናት። ጠጠሩን በእጇ ቆፍራው ነበር። በእኛ አገር በጋ ወንዙ ሲደርቅ አሸዋውን ክንድ ያህል ከቆፈሩት ውሃ ያቀራል፤ እሷም ክንድ ያህል ቆፍራለች። ጥፍሮቿ አልቀዋል። ከጉድጓዱ አጠገብ የበሶው ከረጢት ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ሁለቱም ኩባያዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፣ የእኔም ጭምር። ሰውዬው ልቧን አዳመጠና ቀና ብሎ «ምን ፈልጋ ነው የቆፈረችው፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ?» አለኝ። ውሃ ነው አልኩት። «ሂና? ማፊ ሂና ማይ!» አለ፤ እዚህ ውሃ የለም። ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቀውን ነገር እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገረው።

ከመግሪብ በፊት ተቀበረች። ማዳሟ ከላሕጅ እያለቀሰች መጣች፤ እንደማስባት ክፉ አልነበረችም። «ለምን አልነገራችሁኝም? ፍሪጄ ሙሉ ውሃ ነበር» አለችኝ። ጋሽ በቀለ ደግሞ ብዬሽ ነበር የሚል ቃል እስኪሞቱ ከአፋቸው አልወጣም። በሱቃቸው በኩል ባለፍኩ ቁጥር ግን ተነስተው አንድ ኩባያ ውሃ ቀድተው ይሰጡኛል። ጠማኝ ሳልል ቆሜ እጠጣለሁ፤ ኩባያውን እመልሳለሁ፤ እሄዳለሁ። ለብዙ ዓመት እንደዚያ ኖርን።

ለእናቷ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምንም አልደበቅሁም፤ ስለ ጠርሙሱም፣ ስለ ቁጥቋጦውም ጻፍኩ። መልሱ ከወራት በኋላ በመንገደኛ እጅ መጣ፤ ሰው ጽፎላታል። አንዱን ቦታ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «በተራራ ላይ በውሃ ጥም የሞተ ሰው ከአያት ከቅድመ አያቴም አልሰማሁም። የልጄን ገዳይ ደብቀሻል። አላህ በእኔና በአንቺ መካከል ይፍረድ።» ደጋግሜ አነበብኩት። ተናድጄ ልመልስላት እስክሪብቶ አነሳሁ፤ ከዚያ አስቀመጥኩት። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የምጽፈው። እኔም ከስድስት ዓመት ዓደን በኋላ ያመንኩት ይህንኑ ነበር። ሴትዮዋ እንደዚያው እያመነች ሞተች።

ትናንት ጦይባ ምስር እየለቀመች ሳለ አገሯ የሚወራ ወሬ አመጣች። «እማማ፣ እዚህ ዓደን ዱሮ ሉባባ የምትባል የእኛ አገር ልጅ ነበረች አሉ» አለች። «አብራት የነበረች ሴት ለሰው አሳልፋ ሰጥታ አስገደለቻትና፣ ተራራ ላይ ውሃ ጠምቷት ሞተች ብላ ለእናትየው ጻፈች። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚዋሽ? ሊዋሹም ቢፈልጉ ተራራ ላይ ውሃ ጠማኝ አይባልም!» ሳቀች። ጦስኙ መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ ሽታው አለ። ዝም ብል እችል ነበር። ከድጃ የሚባል ስም ሞልቷል፤ ማን ያውቀኛል? ግን ተራራውን ልውጣበት ብላ የጠየቀችኝ ጁምዓ አለ። «ያቺ ሴት እኔ ነኝ» አልኳት። «የጻፍኩትም እውነት ነው። እዚያ ላይ ብርድ የለም። ውሃም የለም። አንዲት ጠብታ የለም፣ ጦይባ። ነፋሱ ራሱ ሙቅ ነው።» ምስሩን ከእጇ አስቀመጠች። «ሱብሓነላህ» አለች። ከዚያ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «እማማ፣ ተራራ ላይ ውሃ ይጠማል እንዴ?» አለችኝ። «ይጠማል» አልኳት። እንዳላመነችኝ አየሁ። የእናትየውን ደብዳቤ ፊቷ ላይ አነበብኩት።

ዛሬ ረፋድ ላይ ሻንጣዋን ሸከፈች። አሽ-ሸዕብ በሚባለው ሰፈር የምታውቃት ሴት አለች፣ ከእሷ ጋር ልትሆን ነው። ጦስኟን ከመደርደሪያዬ አነሳች፤ መደርደሪያው ላይ ትንሽ ብናኝ ቀረ። አልለመንኳትም። ከማቀዝቀዣው ትልቁን ጠርሙስ አውጥቼ በፎጣ ጠቀለልኩትና «መንገዱ ሙቅ ነው፣ ያዢው» አልኳት። የትልቅ ሰው እጅ መመለስ ነውር ስለሆነ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ዓይኔን አላየችም። ደረጃውን ስትወርድ የሻንጣዋን ድምፅ እስከ ታች ሰማሁት። ከአሽ-ሸዕብ ጣሪያም ሻምሳን ይታያል፤ ባሕሩ በመሃል ነው እንጂ ከዚህ ይልቅ እዚያ ይገዝፋል። ብጠራት ብዬ ግድግዳውን ይዤ ተከትዬ ወረድኩ፤ በዚህ ጉልበት ስደርስ ሄዳለች። ጠርሙሱ ታችኛው ደረጃ ላይ ቆሟል፣ ፎጣው እንደተጠቀለለ፣ ክዳኑ ሳይከፈት።

ነገ ጁምዓ ነው።